«እርጅና ነው» ብለን ከማለፋችን በፊት



ረዳት ኢማም ሆኖ የሚያገለግል ሰው ሰፍ ማስተካከል አንዱ ሥራው ስለሆነ የሰዎችን እግርና ትከሻ ልብ ብሎ ያያል። እኔም እዚህ አጅባር ውስጥ የአባቶቻችንን መድከም የማውቀው በሽበታቸው ሳይሆን በሰፍ ላይ ባላቸው አቋቋም ነው። መጀመሪያ ከሩኩዕ ቀና ሲሉ ይዘገያሉ። ቀጥሎ ከምሰሶው አጠገብ ያለችውን ቦታ ይመርጣሉ። ከዚያ ብርዱ የጠና ቀን ሱብሒን ቤታቸው መስገድ ይጀምራሉ። አንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ይቀራሉ። «አባባ የት ጠፉ?» ስንል «ወድቀው ነው፤ እግራቸው ተሰብሮ ተኝተዋል» እንባላለን። የእናቶቻችን ወሬ ደግሞ ከዚህም ዘግይቶ ይደርሰናል። የሚወድቁት ግቢያቸው ውስጥ፣ በሌሊት፣ ሰው ሳያያቸው ነውና።

ከዚያ በኋላ የምንለው አንድ ነው፦ «እርጅና ነው፤ የአላህ ቀደር ነው።» በቀደር ማመን የኢማናችን መሠረት ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ግን ወባ የያዘውን ልጁን ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሮጥ አባት «በቀደር አላመነም» አንለውም። ሰበቡን እያደረሰ ነው እንላለን። ለልጅ ወባ የምናደርሰውን ሰበብ ለእናት አጥንት የማናደርስበት ምክንያት ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ሰበብ ያለው አይመስለንም። አጥንት ዝም ብሎ ያረጃል፣ ዝም ብሎ ይሰበራል እንላለን።

እንደዚያ አይደለም። የአረጋውያን ስብራት አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣል። ምልክቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነገር ማሽን ሳይሆን ጥያቄ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ኪታብ ስቀራ ያደግኩ ሰው ነኝ። የማካፍላችሁ ከሐኪሞች ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ነው። የመጨረሻው ፍርድ የሐኪም ነው።

አጥንት ምን ይሆናል?

በሱረቱ መርየም ውስጥ ነቢዩ ዘከሪያ (ዐለይሂ ሰላም) ለጌታቸው ዱዓ ሲያደርጉ እርጅናቸውን የገለጹት በሁለት ነገር ነው፦ በአጥንታቸው መድከምና በራሳቸው ሽበት። አጥንቱን አስቀደሙ። ሽበትን ሁላችንም እናያለን። የአጥንትን መድከም ግን ባለቤቱም አያየውም።

አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አይደለም። በሕይወታችን ሙሉ አሮጌው እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። እስከ 30 ዓመት ገደማ የሚገነባው ከሚፈርሰው ይበልጣል፤ አጥንታችን ጥሪቱን የሚያከማቸው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቀስ እያለ ይዞራል። ሴቶች የወር አበባቸው ሲቆም ደግሞ አጥንትን የሚጠብቀው ሆርሞን ስለሚቀንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፍጥነት ያጣሉ። አጥንቱ ከውጭ ቅርጹን እንደያዘ ውስጡ ይሳሳል። ይህ የአጥንት መሳሳት ይባላል። እስኪሰበር ድረስ አያምም፤ ትልቁ ችግርም ይኸው ነው። በዓለም ደረጃ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ከሆኑ ሦስት ሴቶች አንዷ፣ ከአምስት ወንዶችም አንዱ በቀሪ ዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ስብራት ይገጥማቸዋል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ የእናቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የአክስቴ ነገር

አንዲት አክስት ነበረችኝ፤ አላህ ይዘንላት። እኔ ደረሳ ሆኜ ከአገር ርቄ በነበርኩበት ጊዜ በክረምት ጭቃ አዳልጧት በእጇ ተመርኩዛ ወደቀች፤ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላት፤ ትንሽ ጎበጥ ብሎም ቢሆን ዳነ። «አልሐምዱሊላህ፣ እጅ ብቻ ሆኖ ቀረ» ተባለ።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ውኃ የተሞላ ጀሪካን ስታነሳ ወገቧ ላይ ቀጭ አለባት። «ብርድ መታኝ» አለች፤ በቅቤ ታሸች፤ ሳምንታት ተኝታ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ግን ጀርባዋ እየጎበጠ ሄደ። ድሮ ልኳ የነበረው ቀሚስ ከፊት ለፊት መሬት መጥረግ ጀመረ። ሴቶቹ ጫፉን አጥፈው ሰፉላት።

ሦስተኛው በሌሊት መጣ። ለሱብሒ ውዱእ ልታደርግ ስትወጣ የበሩ መድረክ አደናቀፋት፤ በጎኗ ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ በእግሯ አልቆመችም። ወራት ተኝታ ወደ አኼራ ሄደች።

በተዕዚያው ላይ አንድ በጤና ሙያ የሚሠራ ዘመዳችን ታሪኩን ከመጀመሪያው ሲሰማ እንዲህ አለን፦ «ይህ ሦስት አደጋ አይደለም። አንድ በሽታ ነው፤ ሦስት ጊዜ ነው የመጣው። የመጀመሪያውን ጊዜ ነበር መያዝ።»

ነገሩን ከዚያ በኋላ ነው መከታተል የጀመርኩት። እውነትም ሐኪሞች እንዲህ ይላሉ፦ ከ50 ዓመት በኋላ በቀላል አወዳደቅ አንድ ጊዜ የተሰበረ ሰው ሌላ ስብራት የሚገጥመው ዕድል ካልተሰበረው እጥፍ ያህል ነው። «ቀላል አወዳደቅ» የሚባለው ቆመው ሳሉ መውደቅ ነው፤ ከዛፍ ወይም ከፈረስ ላይ መውደቅ አይደለም። ጤነኛ አጥንት ቆሞ ከመውደቅ መትረፍ አለበት። የአከርካሪ አጥንት ስብራት ደግሞ ከሁሉም ይፈጥናል። ከማረጥ በኋላ ባሉ ሴቶች ላይ በተደረገ አንድ የታወቀ ጥናት አዲስ የአከርካሪ ስብራት ከደረሰባቸው ከአምስቱ አንዷ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ደርሶባታል። ከአከርካሪ ስብራቶች አብዛኞቹም እንደ አክስቴ «ብርድ ነው፣ ወገብ ነው» ተብለው ሳይታወቁ ያልፋሉ።

ሐኪሞች አደጋውን እንዴት ይገምታሉ?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አጥንቱን መለካት ነው። ዴክሳ የሚባል በጣም አነስተኛ ጨረር የሚጠቀም ማሽን የዳሌንና የወገብን አጥንት ጥግግት ይለካል። ውጤቱ ከጤነኛ ወጣት ጋር ተነጻጽሮ ቲ-ስኮር በሚባል ቁጥር ይነገራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመዘኛ መሠረት ቁጥሩ ከዜሮ በታች 2.5 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ የአጥንት መሳሳት ይባላል።

ይህ ማሽን በአዲስ አበባም ቢሆን በጥቂት ቦታ ነው ያለው፤ ከአጅባርና ከመካነ ሰላም ተነስቶ እዚያ መድረስ ለአንዲት አቅመ ደካማ እናት ምን ማለት እንደሆነ አገሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ማሽኑ ቢኖርም ሁሉንም አይናገርም። ስብራት ከሚደርስባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቁጥራቸው ያን ያህል ያልወረደ ነው።

በዚህ ምክንያት በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጆን ካኒስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ፍራክስ የተባለ ማስያ ይፋ አደረጉ። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 90 ለሆነ ሰዎች የሚያገለግል ነው። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ክብደትና ቁመት ይገባል። ከዚያ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልባቸው ጥያቄዎች ይከተላሉ፦ ከዚህ በፊት ስብራት ነበረ? እናት ወይም አባት ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር? ሲጋራ ያጨሳሉ? ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ወስደዋል? ሩማቶይድ አርትራይተስ አለ? አጥንት የሚያሳሳ ሌላ በሽታ አለ? በብዛት አልኮል ይጠጣሉ? የማሽኑ ውጤት ካለ ይጨመራል፤ ከሌለም ማስያው ያለ እሱ ይሠራል። የሚሰጠው ሁለት ቁጥር ነው፦ በሚመጡት 10 ዓመታት ውስጥ ከዋና ዋናዎቹ ስብራቶች አንዱ የሚደርስበት ዕድል ከመቶ ስንት እንደሆነና ዳሌ ብቻውን የሚሰበርበት ዕድል ከመቶ ስንት እንደሆነ። ለምሳሌ «20 ከመቶ» ማለት እንደ እሷ ካሉ 100 ሴቶች 20ዎቹ በ10 ዓመት ውስጥ ይሰበራሉ ማለት ነው። ከሃያዎቹ ውስጥ እሷ ትኑር አትኑር የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። በአሜሪካ አጥንታቸው በከፊል ለሳሳ ሰዎች የመጀመሪያው ቁጥር 20 ወይም ሁለተኛው 3 ከመቶ ከደረሰ ሐኪሞች ስለ መድኃኒት ያስባሉ። ሌሎች አገሮች የራሳቸው መነሻ አላቸው።

ማስያው ግን ገደብ አለው። አንደኛ፣ ቁጥሩ በየአገሩ ይለያያል። የስብራት ብዛትም የሞት መጠንም እኩል ስላልሆነ የአንዲቱን ሴት መልስ በተለያየ አገር ስም ብታስገቡት የተለያየ ቁጥር ይወጣል። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ የተሰበረውንና ሦስት ጊዜ የተሰበረውን በአንድ «አዎ» ያልፋቸዋል። ሦስተኛ፣ መውደቅን አይጠይቅም፤ በዓመት አራት ጊዜ የምትወድቅ እናትና ጭራሽ ወድቃ የማታውቅ እናት እኩል ናቸው። አራተኛ፣ ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ ስለ ረሃብ አይጠይቅም። ዛሬ 60 እና 70 ዓመት የሆናቸው የወሎ ሰዎች በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ልጆችና ወጣቶች ነበሩ። አጥንት ጥሪቱን በሚያከማችበት ዕድሜ የምግብ እጥረት መኖሩ ጥሪቱን እንደሚያሳንሰው የታወቀ ነው። በሌላ በኩል እነዚሁ እናቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ ዳገት ወጥተዋል፣ ውኃና እንጨት ተሸክመዋል፤ ይህ ደግሞ አጥንትን ያጠነክራል። ሁለቱን አመዛዝኖ ቁጥር የሚሰጠን ማስያ የለም። ስለዚህ ከማስያው መውሰድ ያለብን ቁጥሩን ሳይሆን ጥያቄዎቹን ነው።

ቤት ውስጥ የምንጠይቀው

እነዚህን ለእናትና ለአባታችሁ፣ ለአያቶቻችሁ ጠይቁ። በስልክም የሚሆኑ አሉ። ስትጠይቁ በአክብሮትና እንደ ጨዋታ ይሁን፤ ፖሊስ እንደሚመረምር አይሁን።

1. ስብራት። ከ50 ዓመት በኋላ ቆመው ወድቀው የተሰበረ እጅ፣ ትከሻ፣ ጎድን ወይም ዳሌ አለ? ካለ ሌላውን ጥያቄ ሳትጠብቁ ለሐኪም የሚነገር ነው።

2. ቁመትና ጀርባ። ቀሚሱ ወይም ጀለቢያው ረዝሟል? ከወጣትነት ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ መቀነስ የአከርካሪ ስብራት ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል። የወጣትነት ቁመቱን የሚያውቅ ከሌለ ተረከዛቸውንና ጀርባቸውን ግድግዳ አስነክተው ይቁሙ። የራሳቸው ኋላ ግድግዳውን የማይነካ ከሆነ አከርካሪው ጎብጧል ማለት ነው፤ ራጅ መነሳት ተገቢ ነው።

3. ክብደትና ዕድሜ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ ይበቃናል። ለእስያ ሴቶች የተሠራ አንድ ቀላል ስሌት አለ፦ ከክብደት ላይ ዕድሜን ቀንሱ፣ የቀረውን በ0.2 አባዙ። 45 ኪሎ የምትመዝን የ70 ዓመት እናት 45 ሲቀነስ 70፣ ከዜሮ በታች 25 ይሆናል፤ በ0.2 ሲባዛ ከዜሮ በታች 5። ውጤቱ ከዜሮ በታች 4ን ካለፈ አጥንት የመሳሳቱ ዕድል ከፍተኛ ነው ይላል። የ60 ዓመት ሆና 58 ኪሎ የምትመዝነው ግን ከዜሮ በታች 0.4 ብቻ ነው፤ ዝቅተኛ ነው። ለእኛ አገር ሴቶች ተብሎ ስላልተሠራ እንደ ፍርድ አንውሰደው። ግን በጣም የከሳች አሮጊት አጥንቷም እንደሚያሳስብ በደንብ ያስታውሰናል።

4. መድኃኒት። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ወይም ለቆዳ ብለው ፕሬድኒሶሎን ከሦስት ወር በላይ ወስደዋል? ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ እየገዙ የሚውጡትም ይጠየቅ። ግን ማንም በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ፤ በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው።

5. ሌላ በሽታ። የወር አበባ ከ45 ዓመት በፊት ቆሟል? ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ከልክ በላይ የሚሠራ እንቅርት፣ ለረጅም ጊዜ የቆየ የሆድ በሽታ አለ?

6. ዘር። እናታቸው ወይም አባታቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር? በእኛ አገር «ወድቃ ተኝታ ሞተች» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ የዳሌ ስብራት ነው።

7. ሱስ። ሲጋራ አለ? አልኮልም እንደዚሁ።

8. መውደቅ። ማስያው የማይጠይቀውን እኛ እንጠይቅ፦ በዚህ ዓመት ወድቀዋል? ሲቆሙ ወይም ሲሄዱ መንገዳገድ አለ? እንዳይወድቁ ይፈራሉ? ከሦስቱ አንዱ «አዎ» ከሆነ ይህን ሞክሩ፦ ከወንበር ተነስተው፣ በተለመደው እርምጃቸው 3 ሜትር ሄደው፣ ዞረው፣ ተመልሰው ይቀመጡ። በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ አደጋ አለ። አጠገባቸው ቁሙ፤ ፈተናው ራሱ እንዳይጥላቸው።

ከዚያስ?

መልሶቹን በወረቀት ጻፉና ይዛችኋቸው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። «እናቴን ወገቧን ያማታል» ብሎ መግባትና «እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ወድቃ አንጓዋ ተሰብሯል፣ ራሷ ግድግዳ አይነካም» ብሎ መግባት አንድ አይደለም። ሁለተኛውን የሰማ ባለሙያ የወገብ ራጅ ያዛል፣ ደም ይመረምራል፣ አስፈላጊ ከሆነም ወደ ደሴ ይልካል።

መድኃኒት አለው። ብዙ ከሚታዘዙት አንዱ አሌንድሮኔት ይባላል፤ በሳምንት አንድ ኪኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ፣ የአከርካሪ ስብራት ባለባቸው 2,027 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት አዲስ የአከርካሪና የዳሌ ስብራትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሥርዓት ግን አለው፦ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጣል። ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ሌላ ምግብም መጠጥም የለም፤ መተኛትም የለም፤ ጉሮሮን ያቆስላልና። በዚያ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብለው ተቀምጠው ዚክር ማድረግ ይችላሉ። ቀጥ ብሎ መቀመጥ ለማይችል፣ የጉሮሮ ችግር ላለበት፣ ኩላሊቱ ለደከመ አይሆንም። ስለዚህ ከጎረቤት ተውሶ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም። ረመዷን ሲመጣ ሰዓቱን እንዴት እንደምታስተካክሉ ቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። በሳምንት አንድ ቀን ስለሆነ መላ አለው፤ «ጾም ነው» ብለው ዝም ብለው እንዳያቋርጡት።

ምግብም ድርሻ አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ከ50 በላይ ለሆነች ሴት በቀን የሚመከረው 1,200 ነው። አይብ፣ እርጎ፣ ጎመን፣ ጤፍም ያግዛሉ። ፀሐይ በቆዳችን ላይ ቫይታሚን ዲ ትሠራለች፤ ግን የአረጋዊ ቆዳ እንደ ወጣት አይሠራም፤ በብርዳችን ደግሞ ሰው በጋቢ ተሸፋፍኖ ነው የሚውለው። እናቶች ግቢያቸው ውስጥ ሰው በማያያቸው ቦታ ክንዳቸውንና እግራቸውን ፀሐይ ቢያሞቁ ጥሩ ነው። ሆኖም ቀድሞ ለተሰበረ ሰው ወተትና ፀሐይ ብቻ አይበቃውም።

ውዱእ፣ ሶላትና የቤታችን መድረክ

የዳሌ ስብራት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚመጣው ከመውደቅ ነው፤ በተለይ በጎን ከመውደቅ። መውደቂያውን መቀነስ በእጃችን ነው። እናት ለውዱእ በሌሊት የምትወጣበትን መንገድ አንድ ቀን ራሳችሁ በጨለማ ሂዱበት። መድረኩ ከፍ ብሏል? ድንጋዩ ይንሸራተታል? የምትይዘው ነገር አለ? በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ማጠብ ለ70 ዓመት ሰው ትልቁ ፈተና ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጦ በማንቆርቆሪያ መታጠብ ውዱኡን ምንም አያጎድልበትም። አንድ ባትሪ፣ በግድግዳው ላይ የተመታ አንድ የእንጨት መያዣ፣ ከኋላ የሚይዝ የማያንሸራትት ጫማ፤ ከአንድ ቀን የሕክምና ወጪ ያንሳሉ።

በመስጂዶቻችንም እንዲሁ ይሁን። የውዱእ ቦታው መያዣ ቧንቧ፣ የሚቀመጡበት ደረጃና መብራት ያስፈልገዋል። ከሰፉ ዳር ጥቂት ጠንካራ ወንበሮች ይቀመጡ። ብዙ አባቶች በወንበር መስገድ ያሳፍራቸዋል። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ እንደሚሰግድ ከረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) የመጣ ሥርዓት መሆኑን፣ በምልክት የሚሰግድ ሰው ለሱጁድ ከሩኩዕ ይልቅ ዝቅ እንደሚል ማስተማር የእኛ ሥራ ነው። የአከርካሪ ስብራት ያለባቸውን ሐኪም «ጎንበስ አትበሉ» ካላቸው ይህ ዑዝር ነው፤ አጅራቸው አይቀነስም ኢንሻአላህ። ወጣቶችም አንድ አባት ወንበር ሲስቡ አትዩዋቸው፤ ወንበሩን አቅርቡላቸው።

ወድቀው ከሆነ

እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረና መቆም ካልቻሉ ዳሌ ተሰብሯል ብላችሁ ያዙ። አንዳንዴ ደግሞ እያነከሱ ይሄዳሉ፤ ብሽሽታቸውን ግን ያማቸዋል። ሁለቱንም አትሹ፣ አትጎትቱ። ወጌሻዎቻችን የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ አይተናል፤ እናከብራቸዋለን። የዳሌ ስብራት ግን በማሸት አይገጥምም፤ በጠባብ ማሰሪያ ደም ታግዶ እጅና እግር እስከ መቆረጥ የደረሱም በአገራችን ብዙ ናቸው። መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ሳይታከሙ የሚተኙት በሳምባ ምች፣ በመኝታ ቁስልና በደም መርጋት ነው የሚጎዱት። በሀብታም አገሮች እንኳ ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአምስቱ አንዱ ያህል በዓመት ውስጥ ይሞታል።

እኛ ጋ መንገዱ ሩቅ ነው፤ በክረምት በጭቃ፣ አንዳንዴም በሌላ ምክንያት ይዘጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅሬ አስቀድሞ ይመካከር፦ ሰው ሲወድቅ ማን ይሸከማል? መኪና የማን ነው? ገንዘቡ ከየት ይወጣል? ቅሬያችን ለጀናዛ የሚሆን ቃሬዛ አላጣም፤ ያው ቃሬዛ ሕያው ሰውም ይሸከማል።

ለእናንተ ለወጣቶች

ይህን የምታነቡት አብዛኞቻችሁ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በአዲስ አበባ ወይም በአረብ አገር ናችሁ። አረብ አገር ያላችሁ እህቶች ለእናታችሁ ቤት ለማሠራት ትደክማላችሁ፤ አላህ ይቀበላችሁ። ቤቱ ሲሠራ የሽንት ቤቱ መንገድ ደረጃ እንዳይበዛበት፣ የውዱእ ቦታው መያዣ እንዲኖረው ንገሩ። በዚህ ሳምንት ስትደውሉ «እንዴት ነሽ እማ?» ስትሏት «ደህና ነኝ» ትላችኋለች፤ እናት ሁልጊዜ ደህና ናት። ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፦ «በዚህ ዓመት ወድቀሽ ታውቂያለሽ? ተሰብሮ የዳነ አጥንት አለሽ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ሌላው ስብራት ሳይመጣ ጊዜ አለ ማለት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

አላህ የወላጆቻችንን ጉልበት ያበርታልን፤ በሕይወት ያሉትን ለመኻደም ያብቃን፤ የሄዱትን በረሕመቱ ይቀበላቸው። አሚን።

ይጠቅማል ብላችሁ ካሰባችሁ ለወንድም እህቶቻችሁ አድርሱት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።